አሲያ መስመር ላይ እያለች

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የደረሰውን ነገር ክብደቱን አታዩልኝም። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ሐያት እባላለሁ። የተወለድኩት ኮምቦልቻ፣ ያደግኩት አዋሽ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስትሞት አባቴን ሰይድን ኮምቦልቻ አላስቀምጠው አለ። እኔን ይዞ ቆላ ወረደና ከዋናው መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ የሚሸጥ ቤት ከፈተ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም፣ ጭኖ የሚመለሰውም እሱ ቤት ጎራ ሳይል አያልፍም ነበር። አባቴ ብዙ አይናገርም። ስለ እናቴ ደግሞ ጭራሽ አያነሳም። እኔም መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቼ ነበር።

ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበል አንድ ማዕከል ቀጠረኝ። ማዕከሉ ሁለት ቦታ ነበረው። ከገዋኔ ወዲህ ያለ ሰው ሲደውል ስልኩ አዋሽ ይነሣል፤ ከገዋኔ ወዲያ፣ እስከ ጭፍራና ዲቾቶ ያለው ደግሞ ሰመራ ይነሣል። ስልኩን የሚያነሱት ሌሎች ናቸው። የእኔ ሥራ ከኋላ ያለው ሰርቨር ነበር።

ይህን ሥራዬን በአጭሩ ላስረዳ፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባም። አንድ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ። እያንዳንዱ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ነው፤ የራሱ የሆነ አካል ግን የለውም። ስለዚህ ሥራውን ሳያቆም በመስመር ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ከተማም ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። በዚያ ማሽን በኩል ስልክ የሚያወራ ሰው ማሽኑ ከተማ መቀየሩን እንኳ አያውቅም። እኔ ይህን ሥራ እወደው ነበር። የሰው ጭንቀት የሚሰማበት ክፍል ግን አይስማማኝም፤ በተቻለኝ መጠን አልገባበትም። ጥሪ ለእኔ ስክሪኑ ላይ የሚበራ አረንጓዴ ምልክት ነበር። አዲስ አበባም የተሻለ ሥራ አግኝቼ ለመሄድ ተዘጋጅቼ ነበር።

መሬቱ መንቀጥቀጥ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ላይ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ፣ አምፖል ሲወዛወዝ እያየን እንሳሳቅ ነበር። ሾፌሮቹ አባቴን «ሰይድ፣ ቤትህ ጎማ አለው እንዴ?» ይሉታል። እያደር ሳቁ ቀረ። መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላም እግራችን ስር ያለ ይመስለን ጀመር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአዲስ አበባ በኩል፣ መሬቱ ተሰንጥቆ አስፋልቱን ገመሰው። ሰው ቤቱን ትቶ ሜዳ ላይ ሸራ ዘርግቶ ማደር ያዘ፤ ቆይቶም ጓዙን እየጫነ መሄድ ጀመረ። አባቴ እምቢ ብሎ ብዙ ቆየ። የማድ ቤቱ ግድግዳ ከጣሪያው ሲላቀቅ ግን ምንም ሳይል የጭነት መኪና ሊፈልግ ወጣ።

እኔ የምነግራችሁ እሱ ዕቃውን የጫነበትን ቀን ነው።

የማዕከላችንን ሕንፃ መሐንዲሶች አይተውት ነበር። ከደረጃው ስር ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ሰው እንዳይገባበት አዘዙ። አለቆቻችን ደግሞ ጥሪ የሚቀበለው ማሽን ወደ ሰመራ ይዛወርና ከዚያ በኋላ ሕንፃው ይዘጋ አሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሲወጡ ሁለት ሰው ቀረን፦ ማሽኑን የማዛውረው እኔ፣ እስከዚያው ስልክ የሚያነሳው ጋሽ ታደለ። ጋሽ ታደለ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ብዙ ዘመን ነርስ ሆኖ ሠርቶ በኋላ የጥሪ ክፍሉ ኃላፊ የሆነ፣ ድምፁ የማይጣደፍ ሰው። መብራት ስለጠፋ የምንሠራው በጄኔሬተር ነበር። ናፍጣው እያለቀ ነው፤ የሚያመጣው መኪናም ከተሰነጠቀው መንገድ ወዲያ ቀርቷል።

ረፋዱ ላይ አባቴ ደወለ።

«ሐያቴ፣ ጭነን ጨርሰናል። መኪናው በራችሁ ላይ ቆሟል።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ አባ። ማሽኑን ልኬ እወጣለሁ።»

«ስንጥቁን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ» አለ፤ ዘጋውም።

ሰመራ ያለው ባልደረባዬ ሁመድ በላፕቶፔ በኩል በድምፅ ተገናኝቶኝ ይጠብቃል። ሁመድ የአፋር ልጅ ነው፤ አብረን የተማርን፣ የሰመራውን ሰርቨር የሚያስተዳድር። «እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ላኪው» አለኝ። ያኔ ነው የጋሽ ታደለ ስልክ የጮኸው። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ተበጥሶ ስለነበር የሚያወራው በድምፅ ማጉያ ነው። የእኔ ጠረጴዛ ከሰርቨሩ ክፍል ወጥቶ እሱ አጠገብ ስለተደረገ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥሪ ከመነሻው ሰማሁ።

«ሄሎ? ሰው አለ?» የሴት ድምፅ ነው።

«አለን እህቴ። ታደለ እባላለሁ። ምን ሆንሽ?»

«ቤቱ ወደቀ። ባሌ ከስሩ ነው።»

«ስምሽ ማነው?»

«አሲያ።»

«አሲያ፣ አንቺ ተጎድተሻል?»

«እኔ ደኅና ነኝ። ውጭ ነበርኩ። ፍየሎቹ ጋ።»

«ባልሽ ይናገራል? ይተነፍሳል?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ፤ አረንጓዴው ምልክት በርቷል።

«ይተነፍሳል» አለች።

ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ፣ ከተራራው ግርጌ ነው ያሉት። ጎረቤቶቻቸው ቀድመው ሄደዋል። እነሱም ሊሄዱ ነበር፤ ባሏ ያሲን ከቤት አንድ ዕቃ ላውጣ ብሎ እንደገባ ግድግዳው ተናደበት። ቤቱ የብሎኬት ቤት ነው፤ ከሠሩት ዓመት አልሞላውም። «እናቴ የሰሌን ቤቷ ቆሟል» አለች፤ «የእኛ ነው የወደቀው።» አንድ ግድግዳ ገና እንዳለና ከሥሩ ተቀምጣ የባሏን እጅ እንደያዘች ስትናገር ጋሽ ታደለ ብድግ አለ።

«አሲያ፣ ከዚያ ግድግዳ ራቂ። ወደ ሜዳው ውጪ።»

«እጁን ይዣለሁ።»

«ልቀቂውና ውጪ እህቴ። አምቡላንስ እልክልሻለሁ።»

«አልለቅም» አለች፣ ሳትቆጣ።

ጋሽ ታደለ በሬዲዮ አሊ የሚባለውን የአምቡላንስ ሾፌር አገኘው። አሊ በሽተኛ አድርሶ ባዶውን እየተመለሰ ነበር። መንገዱ ስለተሰነጠቀ በጫካው ዞሬ እሄዳለሁ፣ ግን ይቆያል አለ። ጋሽ ታደለ የሴትየዋን ቁጥር በራሱ ሞባይል ሞከረው፤ አልገባም። በዚያ ሰሞን መሬቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ስለሚረባረብ መስመር አይገኝም ነበር። ተከፍቶ ያለ ጥሪ ግን ይቆያል። የእሷ ጥሪ ከተቋረጠ ተመልሶ መገኘቱ ያጠራጥራል።

እኔን ግን አላስጨነቀኝም። ማሽኑ ሲዛወር ጥሪው አብሮ ነው የሚሄደው። ሰመራ እንደደረሰ ሁመድ ይቀበላታል፤ እኛም እንወጣለን። ትእዛዙን ሰጠሁ።

ወዲያው ተመለሰብኝ። ሰመራ ያለው ሰርቨር ማሽኑን አልቀበልም አለ።

«ምን ይላል?» አለ ሁመድ።

«ሜሞሪ መቆለፍ አልተፈቀደም ይላል።»

ሁለታችንም ወዲያው ገባን። ኮምፒውተር ሜሞሪ ሲያጥረው ከያዘው ላይ ጥቂቱን ወደ ዲስክ ይገፋና ቦታ ያስለቅቃል። የስልክ ድምፅ በሚያልፍበት ማሽን ላይ ይህ ከሆነ ንግግሩ ይቆራረጣል። ስለዚህ የዚያን ማሽን ሜሞሪ ማንም እንዳይነካው ቆልፈነው ነበር። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም ምን ያህል ሜሞሪ መቆለፍ እንደሚችል እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ጣሪያ አለው። የአዋሹን ከፍ አድርገነዋል። የሰመራው አዲስ ነው፤ ጣሪያው ከፋብሪካ እንደመጣ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። እስከዚያ ቀን የተቆለፈ ማሽን ወደዚያ ልከን አናውቅም።

እንዲህ ሲሆን ማሽኑ አይጠፋም፤ ባለበት፣ አዋሽ፣ ሥራውን ይቀጥላል። የአሲያም ድምፅ አልተቋረጠም። ሁመድ «ጣሪያውን ከፍ አደርገዋለሁ፣ ቆዪ» አለ።

ያኔ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ትልቅ አልነበረም። ከጣሪያው ኖራ ረገፈ፤ ጄኔሬተሩ ድምፁን ቀየረና ተመለሰ። ከስልኩ ውስጥ የፍየሎች ጩኸት ሰማን፣ ቀጥሎም የአሲያን ድምፅ።

«አላችሁ?»

«አለን» አለ ጋሽ ታደለ። «አንቺ አለሽ?»

«አለሁ።»

በሩ ተከፈተና አባቴ ገባ። መግባት ክልክል መሆኑን የሚያመለክተውን ገመድ አልፎ ነው የመጣው። ክንዴን ያዘኝ።

«ተነሽ።»

«አባ፣ አሁን አልችልም። ማሽኑ አልሄደም።»

«ማሽን ነው የምትይኝ? ግድግዳው እኮ ዓይኔ እያየ ነው የተከፈተው። አቶ ታደለ፣ እርስዎስ ምን ይጠብቃሉ?»

ጋሽ ታደለ በእጁ ወደ ድምፅ ማጉያው አመለከተው። አባቴ ክንዴን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠ።

«አሲያ» ይላል ጋሽ ታደለ፣ «አቧራው እንዳያፍነው የያሲንን ፊት ጥረጊለት።»

«ሸፍኜዋለሁ።»

«በምን?»

«በሻሼ። ዓይኑን ከድኜ ሸፍኜዋለሁ።»

አባቴ ክንዴን ለቀቀኝ። ጋሽ ታደለና እሱ ተያዩ። ጋሽ ታደለ ማይክሮፎኑን በመዳፉ ከደነ።

«ሞቷል» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ሰውየው ሞቷል።»

«ከመጀመሪያው ጠርጥሬያለሁ» አለ ጋሽ ታደለ። «አምቡላንስ የሚላከው ለሕያው መሆኑን ታውቃለች። ሞተ ካለችኝ የምዘጋባት መስሏታል።»

እኔ ነገሩን ያየሁት ከሥራዬ አንጻር ነው። ማሽኑን አጥፍቼ ፋይሉን መላክ፣ ሰመራ ላይ የሜሞሪውን ቁልፍ አንስቶ ማስነሳት ይቻላል። ያ ምንም እንቅፋት የለውም። የሚጠፋው አሁን የተከፈተው ጥሪ ብቻ ነው፤ ያለውም አንድ ጥሪ ነው።

«እንግዲያው አጥፍቼ ልላከው?» አልኩ። «አሊ እንደሆነ ቦታውን አውቆታል። እኛም እንውጣ።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ጎትቶ ሊያወጣኝ የመጣ ሰው ነው፤ እሺ ውጪ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እናትሽ የሞተች ዕለት» አለ፣ «ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። አንቺ ተኝተሻል። ትንፋሿ ከቆመ በኋላ ሰው እስኪመጣ አወራት ነበር። ሌላ የማወራው ሰው ስላልነበረ ነው። ያን ቀን አንድ ሰው ድምፁን ቢያሰማኝ ኖሮ ...»

አልጨረሰውም። ወንበር ስቦ ማጉያው አጠገብ ተቀመጠ።

«አትዝጉባት» አለ። «አንቺ ማሽንሽን በሌላ መንገድ ላኪው። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ስለ እናቴ ሞት ከአባቴ አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፊቴን ወደ ስክሪኑ መለስኩ።

ሁመድ ጣሪያውን ከፍ አድርጌያለሁ አለ። ድጋሚ ላክሁ። ድጋሚ ተመለሰብኝ።

«አሁንስ ምንድነው?» አልኩት።

ፈልጎ አገኘው። «ፋይሉ ላይ ተቀይሯል። እየሠራ ያለው አገልግሎት ግን የድሮውን ጣሪያ እንደያዘ ነው። ሲነሳ ያነበበውን ነው የሚያውቀው። ዘግቼ ማስነሳት አለብኝ።»

«ዝጋውና አስነሳው።»

«ሐያት፣ የሰመራ ጥሪ ሁሉ እዚሁ ሰርቨር ላይ ነው። ሳይነሳ ቢቀርስ? እስከ ዲቾቶ ያለው መንገድ ሁሉ ጨለማ ይሆናል። አለቃዬን ልጠይቅ።»

ሁመድ ፈሪ አይደለም። ያለው ትክክል ነበር። አለቃው ጋ ደወለ፤ አልገባም። ደግሞ ደወለ። እኔ ከጄኔሬተሩ ድምፅ ውስጥ ናፍጣው ማለቁን ለመስማት እሞክራለሁ። ከጎኔ አባቴ ከማያያት ሴት ጋር ያወራል።

«ልጄ፣ ሰይድ እባላለሁ። የወሎ ሰው ነኝ።»

«እሺ አባባ።»

«ፍየሎቹ የት ናቸው?»

«ሜዳው ላይ ተበትነዋል።»

«ያሲን ነው ያረባቸው?»

«እሱ ነው። ሁሉንም በስም ነው የሚጠራቸው።»

«እስቲ ስማቸውን ንገሪኝ።»

አሲያ የፍየሎቹን ስም መቁጠር ጀመረች። በአፋርኛ ነው፤ አባቴ ግን እያንዳንዱን እየደገመ ይቀበላታል። አንዱን ሲያበላሽ ታርመዋለች። ከግድግዳው ራቂ ብሎ አልተጫናትም። ጋሽ ታደለ በሬዲዮው ከአሊ ጋር ይነጋገራል። ዝም ልትል ስትል ይታወቀኛል፤ አባቴ ወዲያው ሌላ ነገር ይጠይቃታል።

ሁመድ ተመለሰ። «አለቃዬን አላገኘሁትም» አለ። «የማን ድምፅ ነው እዚያ የሚሰማኝ? ሴትየዋ አፋር ናት?»

«አፋር ናት። ባሏ ሞቶባት አጠገቡ ተቀምጣለች። እየተነፈሰ ነው ትለናለች። ግድግዳ ሊወድቅባት ነው፤ አትነሳም።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። የቁልፍ ሰሌዳው ድምፅ ተሰማኝ። «በራሴ ኃላፊነት ነው» አለ። «ዘጋሁት።»

የጠበቅኩት ጊዜ አጭር ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ከዚያ በፊት ከኖርኩት ሁሉ የረዘመ ነበር። ሁመድ አይናገርም። ጄኔሬተሩ አንዴ ተንተባተበ፣ መብራቱ ደመቀና ደበዘዘ። ጋሽ ታደለ አማተበ። አባቴ የሚለውን አላቆመም።

«ተነሳ» አለ ሁመድ። «የሰመራው ሁሉ ደኅና ነው። አዲሱን ጣሪያ ይዟል። ላኪው።»

ላክሁ። በዚህ ጊዜ አልመለሰውም። ሜሞሪው ቁራጭ በቁራጭ መሄድ ጀመረ፤ ጥሪው፣ የአሲያ ድምፅ፣ የአባቴ ድምፅ አብረው። በመጨረሻ ለቅጽበት ነገሩ ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ «አባባ?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከሰመራ ዞሮ ወደ እኛ።

«አለሁ ልጄ» አለ አባቴ። «አሁን ከእናንተ ወገን የሆነ ልጅ ያወራሻል። ሁመድ ይባላል። እኛ አልሄድንም፤ እሱ ነው የቀረበሽ።»

ሁመድ መስመሩን ተቀበለ። በአፋርኛ ሲናገር ስሰማው የማላውቀው ሰው መሰለኝ። ቀስ ብሎ፣ ተራ በተራ ይጠይቃል፤ እሷም ትመልሳለች። ምን እንደሚሉ አልገባንም። ጥቂት ካዳመጥን በኋላ አሲያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። ጋሽ ታደለ እጄን ነካና «በቃ፣ ወጣን» አለኝ።

ስንወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መንገዱ ላይ የእኛ የጭነት መኪና ብቻ ቆሟል፤ የምግብ ቤቱ ጠረጴዛዎች ተገልብጠው ተጭነውበት። ገና ሳንሳፈር ትልቁ መንቀጥቀጥ መጣ። ከእግሬ ስር መሬቱ የሸሸ መሰለኝ፤ የመኪናውን በር ይዤ ተንጠለጠልኩ። ካቆመ በኋላ ሁሉም ሰው የሚያስበው ስለራሱ ነው ይላሉ። እኔ ያሰብኩት ያንን ግድግዳ ነው። ወደ ሰመራ ለመደወል ሞከርኩ፤ መስመር የለም።

ጋሽ ታደለ ከአሊ ጋር በሬዲዮ ለመገናኘት እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ። የአዲስ አበባው መንገድ ስለተሰነጠቀ እኔና አባቴ ተሳፍረን ወደ ሰመራ ጉዞ ጀመርን። አባቴ መስኮቱን ከፈተ። ገዋኔ ስንደርስ ሾፌሩ ውሃ ሊገዛ ቆመ። እዚያ ስልኬ መስመር አገኘና ሁመድ ደወለ።

«ወጥታለች» አለኝ። «ግድግዳው ወድቋል። እሷ ሜዳው ላይ ነበረች። አሊ ደርሶ ሁለቱንም ይዟቸው ሄዷል።»

«ምን ብለህ አስወጣሃት?»

«ምንም አላልኳትም። ዳጉ ጠየቅኋት።»

ዳጉ ምን እንደሆነ አፋር ምድር የኖረ ያውቃል። ሁለት ሰው ሲገናኝ ከሌላው ጉዳይ በፊት ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ ይለዋወጣል። በዳጉ አይዋሽም። ሁመድ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ጠየቃት፤ ከዚያ ስለ ቤተሰቧ። ለእኛ ያልተናገረችውን ለእሱ ነገረችው። ያሲን መሞቱን በራሷ አፍ ከተናገረች በኋላ እጁን ለቀቀች።

ለአባቴ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከመኪናው ወረደና ከመንገዱ ዳር ዓይኑን ወደ መጣንበት አድርጎ ለብዙ ጊዜ ቆመ። ሾፌሩ ጥሩምባ ሊነፋ ሲል እጁን ያዝኩት።

ከወራት በኋላ አሲያ ያለችበትን የተፈናቃዮች መጠለያ ከሁመድ ሰምተን እኔና አባቴ ሄድን። ቀጭን፣ ወጣት ሴት ናት። በድምፅዋ ነው ያወቅኋት። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች።

«አባባ፣ አንድ ነገር በሆዴ አለ። ስደውል ያሲን ሞቶ ነበር። ይተነፍሳል ያልኳችሁ ...»

«አውቀን ነበር ልጄ» አላት አባቴ።

ቀና አለች። «መቼ?»

«ዓይኑን ከደንኩት ስትይ።»

«ያ እኮ ገና መጀመሪያው ላይ ነው።» ትንሽ አሰበች። «አውቃችሁ ነው የቆያችሁት?»

«አውቀን ነው።»

ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ከውስጡ አለቀሰች። አባቴ እስክትጨርስ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ እናንተ ምን ተቀየረ ትሉኝ ይሆናል። የአዋሹ ሕንፃ እስከ ዛሬ አልወደቀም። ስንጥቁን እንደያዘ ተዘግቶ ቆሟል። አንዳንዴ ባልፍ አይቼው «ይኼን ፈርተን ነበር?» እላለሁ። ግን የዚያን ዕለት ማንም አያውቅም ነበር። አባቴ ምግብ ቤቱን ድጋሚ አልከፈተም። ሰመራ ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ሙቀቱ አልተስማማውም፤ ከሰው ጋር ለመቀመጥ ቢወጣም ቶሎ ይመለሳል። ስለ እናቴ ግን አሁን ይነግረኛል። ሳልጠይቀው፣ በትንሽ በትንሹ። አዲስ አበባ አልሄድኩም። ማዕከሉ ውስጥ በሳምንት የተወሰነ ቀን ስልክ አነሳለሁ፤ ሁመድ አፋርኛ እያስተማረኝ ነው፤ ገና ብዙ ይቀረኛል። አዲስ ሰርቨር በመጣ ቁጥር ደግሞ የምንቀይረው የመጀመሪያው ነገር ያ የሜሞሪ ጣሪያ ነው፤ ለምን እንደምቸኩልበት የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ መልሱ ረጅም ስለሆነ አልነግረውም።

እናንተን የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ናት። የደወለላችሁ ሰው የሚናገረው ነገር የማይያያዝ ቢመስላችሁ፣ ጥያቄውም ምን እንደሆነ ባይገባችሁ፣ ለመዝጋት አትቸኩሉ። እኔ ልዘጋ ነበር። ከአንድ የምግብ ቤት ባለቤት በቀር ማንም አልከለከለኝም።

አሲያ አንዳንዴ ትደውልልኛለች። ስለ ዝናቡ ትነግረኛለች፣ ስለቀሩት ፍየሎች፣ ስለ እናቷ ጤና። ከዚያ የምትለው ያልቅባትና ሁለታችንም ዝም እንላለን። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። እሷ እስክትዘጋ እጠብቃለሁ።